ስለ አንደበት ችግርና ስለ ንግግር ሕክምና
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ሰው ከእንስሳ የሚለይበት አንዱ ታላቅ ስጦታ መነጋገር ነው። ሰው በአንደበቱ ይማራል፤ በአንደበቱ ይገበያያል፤ ሲበደል አቤት ይላል፤ ሲጣላ ይታረቃል፤ ፈጣሪውንም ያመሰግናል። እግሩ የተሰበረ ሰው በታየ ጊዜ ማንም ያዝንለታል፤ ምርኵዝም ይፈለግለታል። አንደበቱ የተቸገረ ሰው ግን ሕመሙ በዓይን የሚታይ ቍስል ስላይደለ፥ አንዳንዱ ይሥቅበታል፤ አንዳንዱም አእምሮው የጐደለ አድርጎ ይቈጥረዋል። ከዚህም የተነሣ ልቡ ብሩህ የሆነ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከትምህርት ቤት፥ አእምሮው ሙሉ የሆነ ሽማግሌም ዕብድ ተብሎ ከሸንጎ ይወጣል።

ለዚህ ችግር በዛሬ ዘመን የንግግር ሕክምና የሚባል ሞያ አለ። ዳሩ ግን የዚህ ሞያ ዐዋቂዎች በኢትዮጵያ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚገኙትም ይበልጡን በትልልቅ ከተማ ነው። በመንደር ያለ ሕፃን ወደ እነርሱ ሊደርስ የሚችለው፥ ችግሩን አስቀድሞ ያወቀለት ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው። ያም ሰው መምህሩ ወይም የአገሩ ሽማግሌ ነው። የዚህ ንግግር አሳብ መምህሩን ሐኪም ለማድረግ አይደለም፤ ምልክቱን አይቶ በጊዜው እንዲልክ ለማሳሰብ ነው እንጂ።

የማኅበር ንባብ የሚሸፍነው ነገር

ለምሳሌ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ይታሰብ። ይህ ልጅ ከሁሉ በኋላ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣል። ልጆቹ ሁሉ ባንድነት ሀ ሁ ሂ እያሉ ሲጮኹ እርሱም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚያይ ሰው ከጓደኞቹ ጋራ የሚያነብ ይመስለዋል። ብቻውን ተነሥቶ አንብብ በተባለ ጊዜ ግን ዝም ይላል፤ ቢናገርም ቃሉ የተቈራረጠ ነው። መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ይቀጣዋል። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ ይሆናል። አባቱ ይህን ሰምቶ፥ ፊደል ካልገባው ከብት ይጠብቅልኝ ብሎ ሊያስቀረው ያስባል።

ከዚህ በኋላ ሌላ መምህር ይመጣና ልጁ ፊቱን ወደ ሌላ ወገን ባዞረ ጊዜ ከኋላው ሆኖ በቀስታ ስሙን ይጠራዋል፤ ልጁ አይዞርም። ፊት ለፊት ሆኖ በጠራው ጊዜ ግን ወዲያው ይመልሳል። እናቱ ብትጠየቅ፥ ጡት ከተወ ጀምሮ ጆሮው መግል ሲያወጣ እንደ ኖረ ትናገራለች። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ አይሰማም ነበር እንጂ። በከንፈር አይቶ የሚረዳውን ያህል ይረዳ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ ሳለ ግን የመምህሩ ከንፈር አይታየውም። ጆሮው ታክሞለት፥ ቦታውም ከፊት ሆኖለት ንባብ ጀመረ። ሁለተኛው መምህር ባይመጣ ኖሮ ግን ይህ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ደንቆሮ ሲባል ይኖር ነበር።

ይህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ከምሳሌው የሚገኘው ትምህርት እውነት ነው። የማኅበር ንባብ መልካም ሥርዐት ቢሆንም ሦስት ዐይነት ልጆችን ይሸፍናል። መጀመሪያው መስማት የቸገረው ልጅ ነው፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከማኅበሩ ጋራ ያልፋል። ሁለተኛው አንዳንድ ፊደል አጣርቶ መጥራት ያልቻለው ልጅ ነው፤ ድምፁ በብዙዎች ድምፅ ይዋጣል። ሦስተኛው የሚንተባተበው ልጅ ነው፤ ይህም እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ የሚንተባተብ ሰው ከሌላ ሰው ጋራ ባንድነት ሲያነብ ወይም ሲያዜም አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብምና። ስለዚህ መምህር በማኅበር ንባብ ብቻ ልጆቹን አውቄአለሁ ሊል አይችልም። በየቀኑ አምስት ወይም ስድስት ልጆችን ለየብቻ ጥቂት ጥቂት ቢያነጋግር፥ ብዙ ቀን ሳይፈጅ የሁሉንም አንደበት ያውቃል።

ልጅ በየዕድሜው ምን ይናገራል

ልጅ የዘገየ መሆኑን ለማወቅ ያልዘገየው ልጅ መቼ ምን እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሕፃን ከ6ኛው እስከ 10ኛው ወር ባለው ጊዜ ባ ባ ባ፥ ማ ማ ማ እያለ ድምፅ ያመላልሳል። አንድ ዓመት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ የመጀመሪያ ቃሉንም ይናገራል፤ ጥቂት ቈይቶም የወደደውን ነገር በጣቱ ያሳያል። በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ገጥሞ፥ እማዬ ነይ፥ ውሃ ስጪኝ ይላል። በ3 ዓመቱ አጭር ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ከቤተ ሰቡ ውጭ ያለ ሰውም አብዛኛውን ነገሩን ይረዳለታል። በ4 ዓመቱ ያየውን ነገር ያወራል፤ እንግዳ ሰውም ሳይቸገር ይሰማዋል።

አንዳንድ ድምፅ ከሌላው ይዘገያል። ሕፃን በሬ ለማለት በሌ ወይም በዬ ቢል የሚያስፈራ አይደለም፤ ረ ለብዙ ሕፃናት ዘግይቶ የሚገኝ ድምፅ ነው። ነገር ግን ልጁ 7 ዓመት ሞልቶት በትምህርት ቤት ሳለ እንዲህ ያለው አጠራር ያልቀረለት እንደ ሆነ፥ ወይም ብዙ ፊደሎችን እያለዋወጠ ሰው የማይረዳው እንደ ሆነ፥ ሊታይለት ይገባል። እንዲህ ያለው ልጅ በጠራበት ድምፅ ስለሚጽፍ በጽሕፈቱም ይሳሳታል፤ መምህሩ የጽሕፈት ስሕተት ብሎ የሚቈጥረው አንዳንድ ጊዜ የአንደበት ችግር ነው።

ይህ የዕድሜ ልክ እንደ ዳኛ ቀጠሮ አንድ ቀን የማያልፍ አይደለም፤ ልጅ ከልጅ ይለያል። ዳሩ ግን ከዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ መጠበቅ አይገባም። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሞልቶት ለድምፅ የማይዞር ወይም ድምፅ የማያመላልስ ሲሆን፤ ዓመት ተመንፈቅ ሆኖት አንድም ቃል የሌለው ሲሆን፤ 2 ዓመት አልፎት ሁለት ቃል የማይገጥም ሲሆን፤ 3 ዓመት አልፎት ከእናቱ በቀር ማንም የማይረዳው ሲሆን፤ ይልቁንም በማናቸውም ዕድሜ ይናገረው የነበረውን ቃል እየተወ የሄደ ሲሆን ነው። ቃል የሚጠፋበት፥ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ፥ ሰውንም በዓይኑ የማያይ ሕፃን ኦቲዝም የሚባለው ነገር ያለበት ሊሆን ይችላልና በቶሎ ይመርመር።

በመንደር ብዙ ጊዜ፥ አባቱም ዘግይቶ ነበር የተናገረው፤ ይደርሳል፤ ሲባል ይሰማል። እውነት ነው፥ የሚደርስ አለ። የማይደርሰው ግን የሕፃንነቱ ዘመን፥ ማለት ቋንቋ በቀላሉ የሚገባበት ዘመን፥ በመጠበቅ ያልፍበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም አገውኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ሲናገር ያደገ ልጅ፥ በትምህርት ቤት አዲስ ቋንቋ ሲገጥመው ጥቂት ጊዜ ዝም ቢል፥ ቃሉንም ቢሰብር፥ በሽታ አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያደነዝዝም። መምህሩ ወላጆቹን፥ ልጁ በእናቱ ቋንቋ እንዴት ይናገራል ብሎ ይጠይቅ። በእናቱ ቋንቋ እንደ እኩዮቹ የሚናገር ከሆነ ልጁ ደኅና ነው፤ በዚያም ቋንቋ የሚቸገር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለ ጆሮ

ያልሰማ አይናገርም። ስለዚህ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይታይለት። ጆሮው ብዙ ጊዜ መግል የሚያወጣ፥ ንግግርን ድገሙልኝ የሚል፥ ሰውን ሲሰማ የተናጋሪውን አፍ የሚመለከት፥ አንዱን ጆሮውን አዘንብሎ የሚያዳምጥ ልጅ ምልክት አለበት። ማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ሕፃንም፥ ይህ በሽታ ጆሮን ሊያደነቍር የሚችል ስለ ሆነ፥ እንደ ዳነ ወዲያው መስማቱ ይመርመርለት። ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው ለቤተ ሰብ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ይልቁንም ለነፍሰ ጡር ሴት። አዮዲን እጅግ ያነሳት እናት የምትወልደው ሕፃን መስማቱም አእምሮውም ሊጐዳ ይችላል።

ፈጽሞ የማይሰማ ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሌለው ሆኖ ሊቀር አይገባም። ቋንቋ በድምፅ ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አለ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸውም ትምህርት ቤቶች አሉ። ወላጅ ልጁን በቤት ከመሸሸግ ይልቅ በጊዜ ወደዚያ ቢልከው፥ ልጁ እንደ እኩዮቹ ተምሮ የሚጠቅም ሰው ይሆናል።

ስለ መንተባተብ

መንተባተብ ማለት በ በ በ በሬ እያሉ አንዱን ድምፅ መደጋገም፥ ወይም ድምፁን መጐተት፥ ወይም ቃሉ በጕሮሮ ተይዞ አልወጣ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉን ያገኛቸዋል፤ የሚበዙትን በራሱ ጊዜ ይተዋቸዋል፤ ከአዋቂዎች ግን ከ100 አንድ ያህሉ ጋራ ይኖራል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበረታል፤ በዘርም ይወርዳል። የእናት ስሕተት ወይም የልጁ ፍርሀት የወለደው አይደለም፤ የአእምሮ ጕድለትም አይደለም።

መንተባተቡ ከ6 ወር የበለጠ የቈየ እንደ ሆነ፥ በቤተ ሰቡ ውስጥ ሳይተወው ያደገ ሰው ያለ እንደ ሆነ፥ ልጁ ቃል ለማውጣት ፊቱን የሚያጨማድድ ወይም እግሩን የሚመታ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም መናገር ፈርቶ ዝም ማለት የጀመረ እንደ ሆነ፥ ወደ ባለሞያ መላክ ይገባል። መምህሩም እስከዚያው ድረስ ብዙ ሊረዳው ይችላል። ቃሉን አይንጠቀው፤ ቀስ በል፥ ተንፍስ፥ ደግመህ ተናገር እያለ በሰው ፊት አያርመው፤ ዓይኑን ከእርሱ ሳያነሣ እስኪጨርስ ይታገሠው፤ የሚሥቁትንም ልጆች ይገሥጽ። ብቻውን ማንበብ የከበደው እንደ ሆነ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ባንድነት ያስነብበው፤ ሲደፍርም ብቻውን ይሞክር።

መንተባተብ የትልቅነት ዕንቅፋት እንዳልሆነ ከሚያሳዩት አንዱ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ናቸው። እኒህ ንጉሥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ነበር። ገና ልዑል ሳሉ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1925 በለንደን አጠገብ በዌምብሌ በብዙ ሕዝብ ፊት ያደረጉት ንግግር እጅግ አስጨነቃቸው። በ1926 ላዮኔል ሎግ ወደ ተባለ የአውስትራልያ ተወላጅ ሄዱ፤ እርሱም በአተነፋፈስና በንባብ ልምምድ ረዳቸው። በ1936 ነገሡ፤ በ1939 ጦርነት በተነሣ ጊዜም በሬዲዮ ለሕዝባቸው ተናገሩ። መንተባተቡ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም፤ ነገር ግን ሥራቸውን ከመሥራት አልከለከላቸውም። የንግግር ሕክምና ፍሬ ይህ ነው፤ ሁልጊዜ ሕመሙን ባይነቅለውም ሰውየውን ከፍርሀት ያወጣዋል። ሊቀ ነቢያት ሙሴም አንደበቱ ከባድ መሆኑን ተናግሮ ሳለ ከመልእክቱ እንዳልቀረ፥ ወንድሙ አሮንም ረዳት እንደ ሆነለት ሽማግሎች ያውቃሉ።

ስለ ላንቃና ስለ እንጥል

አንዳንድ ሕፃን ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት መጥባት ይቸገራል፤ ሲያድግም ትንፋሹ በአፍንጫው ስለሚወጣ ንግግሩ አይሰማም። ይህ ርግማን አይደለም፤ እናቲቱም በግርዶሽ ወጥታ ያመጣችው አይደለም። በቀዶ ጥገና ይሰፋል፤ በአዲስ አበባ በየካቲት 12 ሆስፒታል ይህ ሥራ ይሠራል። ላንቃው ከተሰፋ በኋላ ልጁ ትንፋሹን በአፉ ማውጣት እንዲለምድ የንግግር ሕክምና ይጨመርለታል። ቀዶ ጥገናው በጊዜ ሲሆን ንግግሩም ይበልጥ የተቃና ይሆናል።

ከዚህም ጋራ ስለ እንጥል መቍረጥ መናገር ያስፈልጋል። በብዙ አገር የሕፃን እንጥል ካልተቈረጠ አብጦ ይገድለዋል ሲሉ ያስቈርጣሉ። ይህ ለጤናም ለንግግርም አይጠቅምም፤ ደም ያፈሳል፤ ቍስሉ ይመረቅዛል፤ ባልጸዳ ምላጭም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ልጁ አልናገር ቢል ምላሱ ታስሯል ብሎ ከምላሱ ሥር በምላጭ መቍረጥም እንዲሁ ነው። ምላሱ በእውነት የታሰረ ቢሆን ሐኪም አይቶ ይፈርዳል። ጸሎቱንና ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ጸሎት ምላጭ አያስይዝም፤ ሐኪምም ጸሎትን አያስተውም።

ስለ አዋቂዎች

የአንደበት ችግር የሕፃናት ብቻ አይደለም። ትናንት ሸንጎ ሲመሩ የነበሩ ሽማግሌ ዛሬ ጧት አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፥ አንድ እጃቸው ዝሎ፥ ቃላቸውም ተሳስሮ ይገኛሉ። የመንደር ሰው ምች መታቸው ወይም ጋኔን ያዛቸው ይላል። ይህ ግን አንጐል ውስጥ ያለው የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ነው፤ ዛሬ ስትሮክ ይባላል። የአፍ መጣመም፥ የእጅ መዛል፥ የቃል መሳሰር፥ ከእነዚህ አንዱ በድንገት በታየ ጊዜ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። መዋጥ ሊያቅታቸው ስለሚችልም ሐኪም ሳያይ ምግብም ውሃም አይሰጣቸው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም በፓሪስ አንድ በሽተኛ አገኘ። ይህ በሽተኛ ከ20 ዓመት በላይ፥ ታን፥ ከምትል ድምፅ በቀር የሚናገረው አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የሚነገረውን ግን ይረዳ ነበር። በሞተ ጊዜ አንጐሉ ቢታይ በግራ በኩል በፊተኛው ወገን ተጐድቶ ተገኘ። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ የተባለ የጀርመን ሐኪም፥ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው የአንጐል ወገን የተጐዳ ሰው ቃሉ እየፈሰሰ ትርጕም እንደሚያጣ፥ የሰውንም ነገር ለመረዳት እንደሚቸገር ጻፈ። ከዚህ የተነሣ ቃል ማጣትና አእምሮ ማጣት ሁለት ነገር መሆናቸው ታወቀ።

ይህ ለሽማግሎች ታላቅ ጕዳይ ነው። ቃል ያጣ ሰው ርስቱ ሲከፈል፥ ኑዛዜው ሲጻፍ፥ ልጆቹ ሲጣሉ፥ እርሱ እኮ አእምሮውን ስቷል ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ከመፍረድ በፊት ይጠየቅ። አዎን ወይም አይደለም በሚያሰኝ አጭር ነገር፥ በራስ ንቅናቄ ወይም በእጅ እንዲመልስ ይደረግ፤ መልሱ የታወቀ ነገርም ተጠይቆ መረዳቱ ይፈተን። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የልጁን ስም በሰሌዳ ጽፎ አስታውቋል። ደግሞ የቤት ሰዎች ሊደነቁ አይገባም፤ ውሃ ስጡኝ ማለት ያቃተው ሰው አባታችን ሆይን ያለ ስሕተት ሊደግም፥ ቍጥር ሊቈጥር፥ መዝሙር ሊያዜም ይችላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ በልማድ የተቀመጠ ቃል በሌላ መንገድ ስለሚወጣ ነው። ባለሞያውም አንዳንድ ጊዜ ሕክምናውን በዚሁ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደረገው ልምምድ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ተስፋ አይቈረጥም።

ከዚህ በቀር ድምፁ ከ3 ሳምንት በላይ የሻከረ ሰው፥ ይልቁንም ትንባሆ የሚያጨስ እንደ ሆነ፥ ጕሮሮውን ሐኪም ይየው፤ ሌላ ክፉ በሽታ ሊሆን ይችላልና። መምህራንም ቀኑን ሙሉ በመጮኽ ድምፃቸውን የሚጐዱ ስለ ሆነ፥ ውሃ ቢጠጡ፥ ልጆቹን በጩኸት ሳይሆን በምልክት ቢያረጉ፥ ለራሳቸውም ይጠቅማሉ።

የንግግር ሕክምና ምን ዐይነት ነው

ብዙ ሰው ሕክምና ሲባል መርፌና መድኃኒት ይመስለዋል። የንግግር ሕክምና ግን ይበልጡን ትምህርትና ልምምድ ነው። ባለሞያው አስቀድሞ ጆሮ እንዲመረመር ያደርጋል፤ አፍንና ምላስን ያያል፤ ሰውየው ሲናገርና ሲሰማ ያስተውላል። ከዚያም ለችግሩ የሚስማማ ልምምድ ይሰጣል። ለሕፃን በጨዋታ፥ ለትልቅ ሰው በሥራውና በኑሮው ቃል ይሆናል። አንድ ቀን ተደርጎ የሚያልቅ አይደለም፤ ወራት ይፈጃል። አብዛኛውም የሚሠራው በቤት ስለ ሆነ እናትና አባት፥ ሚስትና ባል የሕክምናው ተካፋዮች ናቸው።

በአቅራቢያ ባለሞያ ባይገኝ መጀመሪያው በር የጤና ጣቢያው ነው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። መምህሩ ያየውን ነገር፥ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ፥ ምን ምን ቃል እንደሚያቅተው፥ መቼ እንደ ጀመረው በአጭር ወረቀት ጽፎ ለወላጁ ቢሰጥ ለሐኪሙ ታላቅ መሪ ይሆነዋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ መምህር ልጆቹን ለየብቻ ይስማ፤ ዝም የሚለውን ልጅ ከመቅጣት በፊት ጆሮውን ይጠርጥር፤ የሚንተባተበውን ይታገሥ። ሽማግሌም በአንደበቱ ችግር የሚሣቅበት ሰው በመንደሩ እንዳይኖር ያድርግ፤ ልጁን በቤት የሸሸገውን ወላጅ ይምከር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለውን ያሳስበው፤ ቃል ያጣውንም ሰው መብቱን ይጠብቅለት።

ከየትምህርት ቤቱ ኋለኛ መደብ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ አለ። ዝም ያለው የሚናገረው አጥቶ ይሁን፥ ወይስ መናገር አቅቶት፥ ወይስ ሳይሰማ ቀርቶ፥ ቀርቦ የጠየቀው የለም። ነገ ጧት ትምህርት ሲጀመር መምህሩ ወደዚያ መደብ ሄዶ ያን ልጅ ብቻውን ቢያነጋግረው፥ ይህ ንግግር በከንቱ አልተነገረም።